ጥርስ ነው ብዬ የመለስኩት ሰውዬ

በር የምዘጋው በሁለት እጄ ነው። አንዱ እጄ መያዣውን ይይዛል፣ ሌላው ጠርዙን ደገፍ አድርጎ ቀስ ብሎ ያስጠጋዋል። የልጄ ልጆች ይስቁብኛል፤ "አያቴ በሩን እያስተኛችው ነው" ይላሉ። ይሳቁ። ባለፈው ሳምንት አምቦ ገበያ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ አስተናጋጇ የቆርቆሮውን በር በእግሯ ገፋ አድርጋ ስትለቀው ጓ ብሎ ተላተመና የያዝኩት ሻይ ቀሚሴ ላይ ተደፋ። ልጅቷ ደንግጣ ጨርቅ ይዛ መጣች፤ "እማማ፣ ልብዎን ያምዎታል እንዴ?" አለችኝ። ልቤን አያመኝም። እኔ ነርስነቱን ከተውኩ ስንት ዓመቴ፣ ጆሮዬ ግን አሁንም ሥራ ላይ ነው። ድንገተኛ ድምፅ ሰው ሊገድል በሚችልበት ክፍል ውስጥ ሦስት ሳምንት ከሠራሁ ወዲህ እንዲህ ሆኜ ቀርቻለሁ። ያን ክፍል ጸጥ ያሰኘችውን ሴት ሲስተር ዘውዲቱን ደግሞ ሳነሳት ዛሬም ደስ ይለኛል።

ዘመኑን በዓመት አልነግራችሁም፤ ዓመት ላይ ጎበዝ አይደለሁም። መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ክረምቶች አልፈው ነበር። የቢሮው ሁሉ ታፔላ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ እየተቀየረ፣ እኛ በሀ ሁ ያደግነው ሰዎች መንገድ ላይ ቆመን እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል እየቆጠርን የምናነብበት ጊዜ ነው። ዛሬ ባጃጅ የሚርመሰመስበት መንገድ ያኔ የጋሪ ነበር። ከአውቶቡስ ተራ እስከ መሥሪያ ቤቴ በጋሪ ሃምሳ ሳንቲም እከፍላለሁ፤ ፈረሱ የሰነፈ ቀን ደግሞ በእግር የሚሄደው ሰው ሰላም ብሎኝ፣ የቤተሰቤን ደህንነት ጠይቆኝ፣ ቀድሞኝ ያልፋል። ዳቦ በሃያ አምስት ሳንቲም ነው፣ ያውም እጅ የሚሞላ ዳቦ። እኛ ወጣት ነርሶች ፀጉራችንን በቢጎዲን ጠቅልለን እናድርና ጠዋት ነጩን ቆብ ከላዩ ስንደፋበት ድካማችን ሁሉ ገደል ይገባል። ከበራችን ፊት ለፊት የገመቹ ካሴት ቤት ነበረች። ገመቹ ሱሪው መሬት የሚጠርግ፣ ሸሚዙ እስከ ደረቱ የተከፈተ ጎረምሳ ነው፤ ትልቁን ስፒከር ደጅ ላይ አቁሞ አንድ ኦሮምኛ፣ አንድ አማርኛ እያፈራረቀ ከተማውን ሲያስጨፍር ይውላል። ፍቅር የያዘው ሰው የሚወዳቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ እሱ ጋ ካሴት ያስቀዳል። እኔም አስቀድቻለሁ፤ ለማን እንደሆነ ግን ይቅር።

የምሠራበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የቤቱ ስም ለምን ይነሳል።

ሲስተር ዘውዲቱ የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ኃላፊ ነበረች። በፊቷ አንቱ፣ ከኋላዋ እሷ ነበር የምንላት። አጭር፣ ጠይም፣ ንግግሯ ቁጥብ። የነጭ ጋውኗ እጥፋት ቢላ ነው፤ ራሷ በከሰል ካውያ ትተኩሰዋለች እንጂ ለማንም አትሰጥም። ሰዓቷን በደረቷ በመርፌ ቁልፍ ሰክታ፣ ሸራ ጫማ አድርጋ ድምፅ ሳታሰማ ከኋላችን ስትደርስ ስንት ጊዜ ወሬያችንን አስውጣናለች። አምቦ ተወልዳ ያደገች የከተማ ልጅ ናት፤ ቤታቸው አማርኛ ነው የሚነገረው፣ ኦሮምኛዋ ግን ከጀልዱና ከወንጪ የመጣውን ገበሬ ሁሉ "የማን ልጅ ነሽ?" የሚያሰኝ ነበር። አንድ ልማድ ነበራት። በሽተኛው ራሴን ይበል፣ ሆዴን ይበል፣ ሲስተር ዘውዲቱ መጀመሪያ ጫማውን ታስወልቀዋለች። ጎንበስ ብላ ውስጥ እግሩን፣ ተረከዙን፣ በጣቶቹ መሀል ያለውን ሁሉ ታያለች። እኛም ሊስትሮዋ እያልን እናማት ነበር። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አፈር ልብላ።

ያን ጊዜ ክረምቱ እየወጣ ነበር። ሐሙስ ቀን ተመላላሽ ክፍል ተመድቤያለሁ፤ ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ አጥሩ ድረስ ደርሷል። አንድ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ረጅም ሰው፣ ጋቢ ለብሶ፣ ጭቃ የለበሰ የላስቲክ ቦት አድርጎ ገባ። ለሜሳ ይባላል፣ ጎጆ በምትባለው ከተማ አካባቢ ድንችና ገብስ የሚያርስ ገበሬ ነው። ለገበያ ወርዶ በዚያው ነው የመጣው። ከትናንት ጀምሮ አፌ አልከፈት አለኝ፣ ማላመጥ አቃተኝ አለ። ክፈት ስለው አንዲት ጣት እንኳ በቅጡ የማታስገባ ክፍተት ሆነች። ጉንጩን ጫን ሳደርገው ፊቱን ጨምደድ አደረገ።

"ጥርስ ነው" አልኩት።

"ኧረ ጥርስስ አይደለም፣ ሲስተር" አለኝ በታሰረ አፉ፣ በትሕትና። "ጥርሴን አሞኝ አያውቅም። ዝም ብሎ ነው አልከፈት ያለኝ።"

"ነርሷ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?" አልኩት። አዎ፣ እንዲህ ነበር የምናገረው፤ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ዓመት ያልሞላኝ ልጅ፣ ልጆች ያሉትን ሰውዬ አንተ እያልኩ። የሕመም ማስታገሻ ጽፌ፣ በጨውና በሙቅ ውሃ ተጉመጥመጥ ብዬ አሰናበትኩት። ቦቱን አላስወለቅኩትም። አንገቱን እንኳ ቀና ደፋ አድርግ አላልኩትም። እሱም አመስግኖኝ ወጣ።

ቅዳሜ፣ ገበያው ደርቶ ሳለ፣ በጋሪ ተጭኖ ተመለሰ። ሚስቱ አዴ ጫልቱ እግሩን ታቅፋለች፤ ታላቅ ወንድሙ ኦቦ ነገራ ትከሻውን ይዟል። ኦቦ ነገራ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነው፤ ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ድምፁ የሚሞላ ሰው። በሽተኛውን አየሁና፣ ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ ይስቅብኛል። ቅንድቦቹ ወደ ላይ ተሰቅለው፣ ከንፈሮቹ ወደ ጎን ተስበው፣ ጥርሱን ገጥሞ ፈገግ ያለ ይመስላል። ዓይኑ ግን እየሳቀ አልነበረም፤ ዓይኑ ይለምናል። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

ኦቦ ነገራ ነገሩን አስረዳኝ። ሐሙስ ማታ ቤቱ እንደገባ አንገቱ ደረቀ፤ አርብ ውሃ መዋጥ አቃተው። ጉባኤው ተሰብስቦ ጸለየለት። "በጌታ ስም ብለን ድምፃችንን ከፍ ስናደርግ ጀርባው እንደ ቀስት ይገተራል" አለ። "ስንጮህ ይብስበታል፣ ዝም ስንል ይለቀዋል። መንፈስ ነው፣ አልወጣም ብሎ ነው። እዚህ ያመጣነው ጫልቱ ስላለቀሰች ነው፤ መድኃኒት ካለ ስጡትና ከሰዓት መልሰን እንወስደዋለን። ወንድሞች እየጠበቁን ነው።" እኔ ምን ልበል? ሲጸለይለት የሚንቀጠቀጥ ሰው ሳይ እኔም የማምነው ይህንኑ ነበር።

ሲስተር ዘውዲቱ መቼ እንደመጣች አላወቅኩም። አልነካችውም። ጋሪው አጠገብ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በኦሮምኛ፣ በሹክሹክታ፣ "ኦቦ ለሜሳ፣ ይሰሙኛል?" አለችው። እኔ አንተ ያልኩትን ሰው። ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ይሰማል፣ ልቡናው ሙሉ ነው። ሆዱ ላይ ጣቷን በቀስታ አሳረፈች፤ እንደ ጣውላ ደርቋል። ወደ ጫልቱ ዞር ብላ በቅርብ ጊዜ እግሩን ነገር ወግቶት እንደሆነ ጠየቀቻት። ጫልቱ አሰብ አድርጋ፣ አጥር ሲያጥር የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉቶ ወግቶት ነበር፣ አመድ ነሰነስንበት፣ ድኗል እኮ አለች። ሳምንት አልፎታል። ሲስተር መቀስ አስመጥታ የላስቲክ ቦቱን ከላይ እስከ ታች ቀደደችው፤ ጎትታ አላወለቀችውም። ግራ እግሩ ሥር፣ ከአውራ ጣቱ በታች፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል የደረቀች ጠባሳ ነበረች። ያቺው ናት።

ስፓቱላ አቀበልኳት፤ ምላስ ተጭነን ጉሮሮ የምናይባት ጠፍጣፋ እንጨት። ምን ልታደርግ እንደሆነ ቀድማ ነገረችው። በጥርሶቹ መሀል በተረፈችው ክፍተት ቀስ ብላ አስገብታ የጉሮሮውን ደጃፍ ነካ አደረገችው። ጤነኛ ሰው በዚህ ጊዜ ወደ ላይ ይለዋል፣ እንጨቱንም ይተፋዋል። ኦቦ ለሜሳ ግን ነከሰው። መንጋጋው ሳይፈልግ ግጥም አለ፤ እንጨቱ ውስጡ ቀረ።

"መንጋጋ ቆልፍ ነው" አለችኝ በጆሮዬ። "ዶክተሩን ጥሪ። ጫማሽን አውልቀሽ ሂጂ።"

ኦቦ ነገራ ግን እሺ አላለም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ወንድሙን ስለሚወድ ነው። "ሲስተር፣ በሽታ የጌታን ስም ሲሰማ ይነሳል እንዴ?" እያለ ገና ሲከራከራት፣ ገመቹ ማዶ ስፒከሩን ለቀቀው። የፍቅር ዘፈን፣ ያውም ከበሮው የሚደልቀው። ለሜሳ ጋሪው ላይ ተገተረ፤ ጭንቅላቱና ተረከዙ ብቻ ጣውላውን ነክተው ወገቡ ከፍ አለ፣ ፊቱ ጠቆረ። ሲስተር ጎኑ ቆማ በደረቷ ሰዓት ትቆጥራለች። ሲለቀው ወደ ኦቦ ነገራ ዞረች።

"አሁን ማን ጸለየ?" አለችው። "ይኼ ዘፈን ነው፣ ኦቦ ነገራ። መንፈስ ቢሆን ዘፈኑን ይወድ ነበር። ወንድምዎን የሚያስነሳው ድምፅ ነው፤ የጌታ ስም ቢሆን፣ የፈረስ ኮቴ ቢሆን፣ የድስት ክዳን ቢሆን። በዚያ መንገድ ጎጆ ድረስ እያንገጫገጫችሁ ብትመልሱት መንገድ ላይ ይሞታል።"

ሰውየው ወንድሙን አየ፣ ማዶ ስፒከሩን አየ። በመጨረሻ "ታዲያ እንዴት አድርገን እንጸልይ?" አለ።

"ውጭ፣ ሣሩ ላይ። በልባችሁ። እግዚአብሔር የሚጮህለትን ብቻ ነው እንዴ የሚሰማው?"

በዚያች ቃል ለሜሳ ተኝቶ ሊታከም ገባ። ዶክተሩ መጥቶ ያለችውን ሁሉ አጸናላት፤ የመርዙን ማርከሻ፣ ማስታገሻውን፣ የቁስሉን መከፈትና መታጠብ አዘዘ። ቀሪው የእኛ ሥራ ነበር፣ ማለትም የእሷ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደች። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጣ የአልጋውን እግሮችና የበሩን ማጠፊያ አለበሰች። ቆርቆሮ ሳህን ከዚያ ክፍል ተከለከለ። እኛ በካልሲ መሄድ ጀመርን፤ ካልሲዬ ቀዳዳ ስለነበረው እፍረቱ ሌላ ነው። መርፌውም፣ በአፍንጫው በገባችው ቱቦ የሚሰጠው ወተትም፣ ማገላበጡም፣ ላቡን ማድረቁም ማስታገሻው ከሠራ በኋላ በአንድ ጊዜ ይከናወናል፤ ከዚያ ማንም አይነካውም። መድኃኒት የያዘች ሌላ ነርስ ረስቼ ነበር ብላ ብትመጣ ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ትመልሳታለች። "ክፍሉ ውስጥ የምታወሪውን ምረጪ" አለችኝ በመጀመሪያው ቀን። "ገላው ነው እንጂ የታሰረው ጆሮው አልታሰረም።"

ከተማውስ ያን ጊዜ ያደረገው! ሲስተር ዘውዲቱ ቆቧን እንዳደረገች መንገዱን ተሻግራ ገመቹን አነጋገረችው፤ ምን እንዳለችው አላውቅም፣ ስፒከሩን አንስቶ ሱቁ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። ካሴት የሚያስቀዳው ሁሉ እየገባ ቴፑ ላይ ጆሮውን ደግፎ ይሰማ ነበር። ጋሪ ነጂዎች በራችን ጋ ሲደርሱ የፈረሱን ቃጭል በእጃቸው ያፍናሉ። ከጎጆ የጉባኤው ሰዎች በተራ እየመጡ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። የእኛ አገር ጠያቂ ታውቁታላችሁ፤ ከአጥር ማዶ ጀምሮ ነው ሰላምታውን የሚያዥጎደጉደው። በር ላይ ቆሞ ጣቱን ከንፈሩ ላይ እያደረገ ያን ሁሉ ሰው ዝም የሚያሰኘው ራሱ ኦቦ ነገራ ነበር። ዛሬ በሽተኛ ልጠይቅ ስገባ በየአልጋው ስልክ ይጮኻል፤ ወጣቶቹ ነርሶች ስለ መንጋጋ ቆልፍ ስነግራቸው በመጽሐፍ እናውቀዋለን፣ በዓይናችን አላየንም ይሉኛል። ክትባቱ ነው፣ ተመስገን። ባያዩትም ደስ ይለኛል።

እኔ ግን ያን ሰሞን እህል አልበላ ብሎኝ ነበር። ቢሞት የገደልኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ቦቱን ባስወልቀው ሁለት ቀን ቀድመን እንጀምር ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሲስተርም ቅዳሜ ነው የመጣው ብላ ታስባለች። በአምስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከሁሉ የከፋው መገተር መጣበት። ትንፋሹ ቆመ። ከንፈሩ ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። ሲስተር አንገቱን አቃንታ ምራቁን በመምጠጫ እያጸዳች ሰዓቷን ትቆጥራለች፤ እጇ ንቅንቅ አይልም። መድኃኒቱን በደም ሥሩ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሰጠሁ አላውቅም። ሲለቀውና ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እዚያው አልጋው ግርጌ ተንበርክኬ ዕንባዬ ወረደ።

"ሲስተር፣ ሐሙስ መጥቶ ነበር። ጥርስ ነው ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። አይደለም እያለኝ።"

ዓይኗን ተከትዬ ስዞር ኦቦ ለሜሳ ዓይኑን ገልጦ ያየኛል።

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ወሰደችኝ። ትገድለኛለች ብዬ ነበር። "ሰው ይሳሳታል" አለችኝ። "እኔም በአንቺ ዕድሜ አንዱን ወገቡን ነው ብዬ መልሻለሁ፤ እሱ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ነው ጫማ የማስወልቀው። ጥፋትሽን ለእኔ ንገሪኝ፣ ለዶክተሩ ንገሪው፣ ካርዱ ላይ በገዛ እጅሽ ጻፊው። መልስ መስጠት በማይችል ሰው ፊት ግን አትናዘዢ። ምን ይበልሽ? ይቅር እንዳይልሽ አፉ ተቆልፏል፣ እንዳይረግምሽ አፉ ተቆልፏል። የራስሽን ሸክም በሽተኛ ላይ ጣልሽ እኮ።" ካርዱ ላይ ጻፍኩት፤ "ሐሙስ ታይቶ ጥርስ ተብሎ ተመልሷል" ብዬ ፈረምኩ። ሊስትሮዋ ማለትን በዚያው ቀን ተውኩ። ሌሎቹም ሲሉ ስሰማ እቆጣ ነበር፣ ስሙን ያወጣሁት እኔ እንዳልሆንኩ ሁሉ።

ከዚያ በኋላ ወደ ክፍሉ ስገባ ዓይኑን እሸሽ ጀመር። ሥራዬን ግን አላጓደልኩም። ሁለተኛው ሳምንት መገተሩ እየራቀ መጣ፤ ሲስተር በየጠዋቱ ካርዱ ላይ የምትጽፈው ቁጥር እየቀለለ ሄደ። አፉን በጣት ትለካው ነበር። አንድ ጣት። አንድ ተኩል። ሁለት ጣት የገባ ቀን ጫልቱ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ ድምፅ እንዳይወጣት፣ አለቀሰች። ኦቦ ነገራ ደግሞ ሣሩ ላይ ላሉት ሁለት ጣቱን ብቻ አሳያቸው፤ ያ ሁሉ ሰው እጁን ወደ ሰማይ አንስቶ ያለ ድምፅ እልል አለ። ያለ ድምፅ እልልታ አይቼ የማውቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሲስተር ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አወረደች። ክፍሉ በብርሃን ተሞላ። ክትባቱን ወጋችው፤ ይህ በሽታ አንዴ ይዞ ስለለቀቀ ተመልሶ አይመጣም ማለት እንዳልሆነ ለጫልቱ አስረድታ እሷንም ወጋቻት። ከዚያ ባትሪዬን አውጥቼ አፉን እንዳይ አዘዘችኝና ጫልቱን ይዛ ወጣች። ሆን ብላ ይመስለኛል። ብቻችንን ቀረን።

"ኦቦ ለሜሳ፣ እባክዎ አፍዎን ይክፈቱልኝ" አልኩት። አንቱ ማለት ምላሴን አላሰናከለኝም።

ከመክፈቱ በፊት እጄን ያዘኝ። ድምፁ ገና ሻካራ ነበር፣ ቃላቱን አንድ በአንድ ነው የሚያወጣቸው።

"ሲስተር፣ ያን ሐሙስ እኮ" አለኝ፣ "ጥርሴን እውነትም ያመኝ ነበር።"

ከዚያ አፉን ከፈተልኝ። ባትሪዬን አበራሁ። ከላይም ከታችም፣ ከፊትም ከኋላም፣ የተበላ የለ፣ የተነቃነቀ የለ፣ ያበጠ ድድ የለ፤ እንደሱ ያለ ጤነኛ ጥርስ ዕድሜዬን ሙሉ አላየሁም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከተማው ዝም ብሎ የጠበቀው አፍ ገና ሲከፈት፣ የመጀመሪያ ሥራው ለእኔ ብሎ መዋሸት ሆነ።